ከአንድ ሳህን በልተን አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ምንም አልሆነ፦ የካናቢስ ዘይት በሲዊድ ሰላጣ

የአውሮራው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህ ካናቢስ ሕጋዊ ነው፣ እኔም 21 ዓመት ከሞላኝ ስንት ጊዜዬ፤ ስለዚህ ስብከቱን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። ጥያቄዬ የወጥ ቤት ነው።

ድሮ የምሠራው በቅቤ ነበር። ጾም ገባና ቅቤው ቀረ። (አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ቅቤውን ጾሜ ቅጠሉን አልጾምኩም።) ሲዊድ (የባሕር ቅጠል) ሰላጣ ነፍሴ ነው፤ ከሥራ ስወጣ የምገዛት ያቺ የጭብጥ ታህል ሳህን ግን ዋጋዋ አልቀመስ አለ። እቤት ልሥራት አልኩ።

መጀመሪያ ቅጠሉን ፈጭቼ ጥሬውን ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት። ሰላጣው ከመምረር በቀር ምንም አላደረገም። በሁለተኛው ዙር ከዲስፔንሰሪ (ካናቢስ ከሚሸጥበት ሱቅ) የገዛኋትን 3.5 ግራም (ማሸጊያው ላይ 20 ፐርሰንት ይላል) በ240 ፋራናይት ኦቭን ውስጥ 40 ደቂቃ አቆየኋት። ከዚያ ግማሽ ካፕ ዘይት ውስጥ ጨምሬ በዝግታ ሳሞቅ ቆይቼ አጠለልኩት። ዋካሜውን፣ ማለትም ደረቁን ሲዊድ፣ ነከርኩ፤ አቼቶ፣ ሶይ ሶስ፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ ስኳር፣ ከዘይቱም ሁለት የሾርባ ማንኪያ። በአንድ ትልቅ ሳህን ለአራት ሰው አቀረብኩ። ምን እንደሚበላ ያላወቀ ሰው አልነበረም።

እኔ ደህና ሞቅ አለኝ። ሁለቱ "ሰላጣ ነው የበላነው" ብለው ሲያሾፉብኝ አመሹ። አራተኛው ጓደኛዬ ግን በሁለተኛው ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ተዘርሮ "ልቤ ቆመ" ይላል። አልቆመም፤ እንደ ጥምቀት ከበሮ ነበር የሚመታው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እጁን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከአንድ ሳህን በልተን ይሄ እንዴት ይሆናል?

ዘጠኝ ዓመት ሱሺ ቤት፦

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና ከዚያ እመልስልሃለሁ። ያ ጓደኛህ የሳህኑን ቂጥ በምን ጠረገው?

የአውሮራው፦

በዳቦ። እንዴት አወቅሽ?

ዘጠኝ ዓመት ሱሺ ቤት፦

የሐበሻ ልጅ መረቅ ትቶ አይነሳማ!

ዋካሜን በእጅህ ይዘህ ታውቃለህ፤ እንደ ተልባ ያሟልጫል። ከውሃ ወጥቶ በደንብ ካልተጨመቀ ዘይት አይይዝም። ያፈሰስከው ዘይት ቅጠሉን እየተንሸራተተ ከአቼቶውና ከሶሱ ጋር ታች ይጠራቀማል። ከላይ ያነሱት ሁለቱ ቅጠል በሉ። ያንተ ድርሻ መሀል ላይ ነበር። እሱ ደግሞ ታች የተኛውን ሁሉ በዳቦ አነሳው።

አሁን ሂሳቡን እንይ፤ የሚያስደነግጠው እሱ ነው። 3.5 ግራም ማለት 3,500 ሚሊግራም ነው። ሃያ ፐርሰንቱ 700። ጥሬው ቅጠል ውስጥ ያለው ግን ቲኤችሲኤ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ነው ወደ ቲኤችሲ፣ ሰው ወደሚይዘው ነገር፣ የሚለወጠው። የመጀመሪያው ዙርህ ከንቱ የቀረውም ለዚህ ነው፣ እሳት አላየም። ሲለወጥ ክብደቱ ስለሚቀንስ በ0.877 ታበዛዋለህ፤ 614 ገደማ ይመጣል። ግማሽ ካፕ 24 የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ የሻይ ማንኪያ 25 ሚሊግራም ገደማ ትይዛለች። እዚያው ኮሎራዶ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው አንድ መጠን 10 ነው፣ ያውም ለለመደ ሰው። አንተ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨመርክ፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ 150 ሚሊግራም! ሁሉም ዘይቱ ውስጥ ላይገባ ይችላል፣ ግን ስታሰላ ሁሌም ሁሉም ገብቷል ብለህ አስላ። ጓደኛህ ግማሹን እንኳ ቢያገኝ ወለል ላይ ቢተኛ አይገርምም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። 1 ግራም ብቻ፣ ሽታ በሌለው ዘይት አንድ ሙሉ ካፕ ውስጥ። በዚያው ሂሳብ በሻይ ማንኪያ ከ4 ሚሊግራም በታች ይመጣል። የተቆላውን ሰሊጥ ዘይት ለሰዓታት እሳት ላይ አታስቀምጠው፣ ጠረኑ ይሞታል፤ እሱን መጨረሻ ላይ ለጣዕም ጠብ ታደርገዋለህ።

ደረቁን ዋካሜ ስትነክር እፍኝ አይምሰልህ፣ ይነፋል። ለሁለት ሰው 10 ግራም ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለህ ውሃው መንጠብጠብ እስኪያቆም ጨምቀው። እኔን በዚያ ወጥ ቤት መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ሥራ ይሄ ነው፤ ሼፉ እኔ የጨመቅኩትን አንስቶ እንደገና ሲጨምቀው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ወጣው።

ከዚያ ሰሊጥ ቆልተህ በሙቀጫ አድቅቀው፤ ቅባቱ እስኪወጣና እስኪጣበቅ። የሁመራ ሰሊጥ ከሀገር ካመጡልህ ደግሞ እሰየው። እንደ ሱፍ ፍትፍት ሳይቀጥን ወፍራም ይሁን። አቼቶና ሶይ ሶሱን በእሱ ላይ ስታሸው ወፍሮ ቅጠሉን ይይዛል። ዋናው ነገር ግን የካናቢሱን ዘይት በትልቁ ሳህን አታድርግ። ሰላጣውን ለየሰዉ በየጎድጓዳ ሳህኑ አድርግ፣ ለእያንዳንዱ በሻይ ማንኪያ ለክተህ እዚያው ለውስ። የማይፈልግ ያለ እሱ ይበላል፣ ማንም አያፍርም።

አንድ ወሬ ልጨምር፤ ሱቅ የምትገዛው ያ እንደ ትራፊክ መብራት የሚያበራ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ ቀለም አለበት። ያንተ ጠቆር ካለ አትደንግጥ። ሂጂኪ የሚባለውን ጥቁሩን ግን ተወው፤ አርሰኒክ ስላለበት የእንግሊዝም የካናዳም የምግብ ባለሥልጣናት አትብሉ ይላሉ።

ሌሊት ፈረቃ ነርስ፦

እህቴ ጨርሳዋለች፣ ሁለት ነገር ልጨምር። የሚበላ ካናቢስ እንደሚጨስ አይደለም። በጉበት አልፎ ስለሚመጣ ግማሽ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊቆይ ይችላል፤ ከመጣ ደግሞ ስድስት፣ ስምንት ሰዓት አይለቅም። "ምንም አልያዘኝም" ብለው የሚደግሙት ናቸው እኛ ጋ የሚመጡት። እነዚያ ሁለት ጓደኞችህ እየነዱ ካልሄዱ እግዜር አወጣህ። የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አታቅርብለት። እንቅርት ወይም የታይሮይድ መድኃኒት ያለበት ሰው ደግሞ ካናቢስ ባይኖርበትም ሲዊዱን ራሱን አያብዛ፤ አዮዲን አለው፣ ኮምቡ የሚባለውማ እጅግ ብዙ።

ሌላ ጊዜ ሰው እንዲህ ከሆነ ፖይዝን ኮንትሮል (የመመረዝ እርዳታ መስመር) 1-800-222-1222 ደውል፤ ሌሊትም ይመልሳሉ፣ ገንዘብ አይጠይቁም። ደረቴን አመመኝ ካለ ወይም አልነቃ ካለ ግን 911፤ እጅ መያዝ አይበቃም።

ወረቀት የሚጠብቅ፦

ስብከት አይደለም ወንድሜ፣ ግን ግሪን ካርድ ላይ ነህ ወይስ ዜጋ? ኮሎራዶ ቢፈቅድም ፌዴራሉ አልፈቀደም። ኤፕሪል 2019 ላይ ዩኤስሲአይኤስ (የዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) በግልጽ ጽፎታል፤ በስቴት ሕጋዊ ቢሆንም የካናቢስ ጉዳይ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ ይችላል። የማውቀው ሰው ኢንተርቪው ላይ ተጠይቆ "አዎ፣ እዚህ እኮ ይፈቀዳል" ብሎ በንጹህ ልቡ መለሰ፤ ነገሩ በጠበቃ እጅ ወደቀ። ፎርም ከማስገባትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር። አዲስ አበባ ስትሄድም ሻንጣህን አራግፍ፤ በዱባይም በኩል ብታልፍ ያው ነው።

እትዬ አመለወርቅ፦

ልጄ፣ ጾምህን አልፈርድብህም፣ ፈራጁ ሌላ ነው። ግን ባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሎ በዚህ ይፈታል እንዴ? ያ የወደቀው ልጅ ጿሚ ነበር?

የአውሮራው፦

እትዬ፣ ነበር። ያን ቀን መጀመሪያ የቀመሰው ያንን ሰላጣ ነው። አሁን ሳስበው ራሴን ያመኛል።

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት በአዲሱ ልክ ሠራሁት፣ ለብቻዬ፣ ሽሮ በልቼ ከጠገብኩ በኋላ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ትከሻዬ ለቀቀ፣ ኳስ አይቼ ተኛሁ፣ በቃ። የጨመቅኩት ውሃ ግን ሱሺ ቤቷ እንዳለችው ጉድ ነው። ግሪን ካርድ ላይ ነኝ፤ ሰኞ ጠበቃ እደውላለሁ፤ እስከዚያ ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ላዩ ላይ በትልቁ "አትንኩ፣ ካናቢስ አለበት" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ሌሊት ፈረቃ ነርስ፦

በአማርኛ? አብሮህ የሚኖረው ሰው አማርኛ ያነባል?

የአውሮራው፦

የጓቲማላ ልጅ ነው። ተነሳሁ፣ ማርከር እየፈለግኩ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሱሺ ቤት፦

ስትጽፍበት የሠራህበትን ቀንም ጨምር፤ ከሁለት ሳምንት በላይ አታቆየው። ልጅ የሚመጣበት ቤት ከሆነ ደግሞ ፍሪጅ አይበቃም፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ግዛ።