አንድ ስፒከር፣ አንድ ፍላሽ፣ ስድስት ሰው፦ የቤት ሙዚቃ እንዴት ይደርደር?

የቧንቧ ውሃዋ

ሰላም ወሎዬዎች፣ ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ደሴ ነው፣ ስድስት ነን። የባለቤቴ እናት ሙስሊም ናቸው፣ የእኔ እናት ኦርቶዶክስ ናት፣ ልጆቹ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። ሙዚቃ የምንሰማው ፍላሽ በምትቀበል አንዲት የብሉቱዝ ስፒከር ነው። ባለ 16 ጊጋ ፍላሹ ላይ ወደ 400 ዘፈን ያለ ምንም ቅደም ተከተል ተጠራቅሟል።

የተቸገርኩት በዚህ ነው። ለስ ያለ ማሲንቆ ሲያልቅ ቀጥሎ ያለው አዲስ ዘፈን ቤቱን ያናውጠዋል፣ ትንሿም ከእንቅልፏ ትባንናለች። መንዙማ አልቆ ጭፈራ ሲከተል ደግሞ ሁለቱም እናቶች ቅር ይላቸዋል። በዚያ ላይ ልጆቹ የራሳቸውን አገር ቅኝት (ዘፈን የሚሠራበትን የአምስት ድምፅ ስብስብ) ሰምተው እንዲለዩ እፈልጋለሁ፤ ባቲና አምባሰል የቦታ ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀርባቸው። አንድ ካርቶን የድሮ ካሴትም አለን። ምን በምን ሰዓት? እንዴት ተደርጎ? ሀሳብ ጀባ በሉኝ።

ክራር ቃኚ

አብሽሪ እህቴ። በዘፋኝ ስም መደርደሩን ተዪውና በሰዓት ደርድሪው። በየሰዓቱ ውስጥ ደግሞ በቅኝት።

ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ግጥም የሌለው ይሻላል። አንዱ ዩኒፎርም ይፈልጋል፣ ሌላው ቁርስ ያቀርባል፣ ግጥም ያለው ዘፈን ከዚያ ሁሉ ወሬ ጋር ይጣላል፤ ሰው ድምፁን ይጨምራል፣ ሙዚቃውም ይጨመራል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይጮኻል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ለዚህ ሰዓት የሚመቸውን ያህል ሌላ የሚመች አላውቅም። ስትፈልጊው «ኢትዮፒክስ» ከተባለው የአልበም ተከታታይ ቁጥር 21 በዪ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ቁጥር 4 ነው። ከእነሱ ጋር ዋሽንት ብቻውን የተነፋበት ካገኘሽ ጨምሪበት።

ቡና ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳተው ምርጡን ዘፈን ቡናው እየተቆላ መክፈቱ ነው። ምጣዱ ይንሿሿል፣ ሙቀጫው ይመታል፣ የማሪቱ ለገሰ ድምፅ በዚያ መሀል ሲባክን ያሳዝናል። እስኪቆላና እስኪወቀጥ ሞቅ ያለ፣ ከበሮ ያለበት ሦስት አራት ዘፈን ይበቃል። ጀበናው ከተጣደ በኋላ ዝግ በዪ፦ ትዝታና አምባሰል። ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ስለሚሄድ ባለ አምስትና ስድስት ደቂቃ 12 ዘፈን አዘጋጂ። ማሪቱን፣ በዛወርቅ አስፋውን፣ ማህሙድ አህመድን፣ ጌታቸው ካሳን አንድ ላይ ብታደርጊ ዘመናቸውና አጃቢያቸው ቢለያይም አይጣሉም፤ ቅኝቱ ያገናኛቸዋል።

ቅኝት ለምን ይደረደራል ለምትዪ፦ ክራር በአንድ ጊዜ የሚቃኘው በአንድ ቅኝት ነው። ስድስቱ ክሮች አምስቱን ድምፅና የመጀመሪያውን መደጋገሚያ ይይዛሉ፤ ቅኝት ለመቀየር ክር ማጥበቅ ወይም ማላላት ግድ ነው። ጆሮም እንደዚያው ነው። ከትዝታ በኋላ ወዲያው አንቺሆዬ ብትከፍቺ ጆሮ የቀደመውን መነሻ ድምፅ ይዞ ስለሚቆይ አዲሱ ዘፈን ለጥቂት ጊዜ የተዛባ ይመስላል። አራት አምስት ዘፈን በአንድ ቅኝት አስኪጂ፣ በመሀል ግጥም የሌለው አንድ አስገቢ፣ ከዚያ ቀይሪ።

መነሻውን ዶ ካደረግን፦ ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ትዝታ ማይነር ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፤ ባቲ ማይነር ላይ ሚ እና ሲ በግማሽ ይወርዳሉ። አምባሰል ዶ፣ ሬ በግማሽ የወረደ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ በግማሽ የወረደ። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ በግማሽ የወረደ፣ ፋ፣ ሶል በግማሽ የወረደ፣ ላ።

አምባሰልና ትዝታ ማይነር ብዙ ሰው ያምታታሉ፣ ምክንያትም አላቸው። የትዝታ ማይነርን ድምፆች ሳትነኪ ከሶል ብትጀምሪና ሶል ላይ ብታርፊ የምታገኚው የአምባሰልን ርቀት ነው። ልዩነቱ ያለው ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ በሚያርፍበት ድምፅ ላይ ነው። ልጆቹን ስታስተምሪ መጀመሪያ የሚጠየቁት ይኸው ነው፦ «ዘፋኙ ሲጨርስ የት አረፈ?»

የቴፕ ሐኪም ዘኮምቦልቻ

የድምፁ መዘበራረቅ ቀላል ነው። አዲስ ዘፈን ሲቀረጽ ታምቆ እስከ ጣሪያው ይሞላል፤ የድሮው ማሲንቆና ክራር ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ነው። ስፒከሩ ጥፋት የለበትም። ኮምፒውተር ላይ ኤምፒስሪ ጌይን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚ፣ 400ውንም አስገቢ፣ መለኪያውን እንዳለ 89 ዴሲቤል ላይ ተዪው፣ «ትራክ» የሚለውን ምረጪ። «አልበም» የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ድብልቅ አይሆንም፤ የአንድን አልበም ዘፈኖች እንደ አንድ ቆጥሮ እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደገና አያምቀውም፣ ስለዚህ ጥራት አይቀንስም። አንድ የማያስተካክለው ነገር አለ፦ በዝግታ ጀምሮ መሀሉ ላይ ከበሮ የሚገባበትን ዘፈን። እንዲህ ያለውን ከመኝታ ሰዓቱ ማውጣት ነው።

የስፒከሩ «ቤዝ» መጨመሪያ ይጥፋ። ትንሽ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አውጥቶ ስለማይጨርስ የከበሮው ምት ይደፈርሳል፣ ማሲንቆው ይታፈናል። የግድግዳ ማዕዘን ውስጥም አታስቀምጪው፣ ማዕዘን ጉምጉምታ ይጨምራል። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገሽ እንጨት ላይ አኑሪው። ቆርቆሮ ሳጥን ላይ ከሆነ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ቦታው ይበቃል፤ በ192 ኪሎቢት የአምስት ደቂቃ ዘፈን ወደ 7 ሜጋ ይይዛል፣ 16 ጊጋው ወደ 2000 ዘፈን ይችላል። ፋይሉን ለማሳነስ ከ128 በታች አትውረጂ። የማሲንቆ ጭራ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ካሴቱ። ከማጫወትሽ በፊት በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን እዪ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ አታጫውቺው፣ ሄዱን (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) አቆሽሾ ቀጥሎ የሚገባውን ካሴት ሁሉ ያበላሻል። ንጹሕ ከሆነ አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ሙሉውን አጠንጥኚ፤ ዓመታት የተቀመጠ ቴፕ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሄዱንና የጎማውን ሮለር ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል በተነከረ የጆሮ ጥጥ ጥረጊና አምስት ደቂቃ ይድረቅ። ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድገሚው።

ገመዱን ከቴፑ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ «ላይን ኢን» (የድምፅ መግቢያ ቀዳዳ) አስገቢ። ብዙ ሰው ማይክ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል፤ ማይኩ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ በኋላ አይታከምም። ላፕቶፕሽ «ላይን ኢን» ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ግዢ፤ ባለ ማይክ ብቻ የሆነውን ግን አይደለም። ኦዳሲቲ የሚባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ላይ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት አድርጊ፤ ከፍተኛው ድምፅ -6 ዴሲቤልን እንዳያልፍ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ሳይታመቅ ወደ 600 ሜጋ ይይዛል። እሱን ዋናውን ለይተሽ አስቀምጪ፣ ለፍላሹ ከእሱ ላይ ኤምፒስሪ አውጪ። የቴፑን ሽሽታ ስትቀንሺ ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ይበቃል፤ ከ12 ሲያልፍ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል።

እማ ሸጋ

ልጆቹን በተመለከተ ልጨምር። የ9 ዓመቱ ኪቦርድ ካገኘ፣ የመጫወቻውም ቢሆን፣ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይንካ። ሦስቱ ጥቁሮች አብረው ካሉበት ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ቀኝ አምስቱን በተራ ሲነካ የወጣው ትዝታ ሜጀር ነው። ሌላ ነገር ሳያውቅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚያውቀውን ዜማ ፈልጎ ያገኛል። ነጮቹን ቀስ ብሎ ይደርስባቸዋል።

ምት ላይ ልጆች የሚስቱት አራት ስለሚቆጥሩ ነው፤ የሚማሯቸው የፈረንጅ መዝሙሮች አብዛኞቹ በአራት ናቸው። የእኛ ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ስድስት ብለው አንድና አራት ላይ ያጨብጭቡ፣ ሌላ ምንም አይጨምሩ። ጭብጨባው ሳይፈርስ አንድ ዘፈን ከጨረሱ በኋላ ትከሻው ይግባ። ትከሻና እጅ በአንድ ጊዜ ስናስተምር ነው ሁለቱም የሚጠፋባቸው። የ4 ዓመቷ አትቁጠር፣ ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ ምቱን አስነኪያት።

ለመኝታ እሹሩሩን ከስፒከር አትፈልጊው፤ ከአያቶቹ አፍ ይሁን። ሁለቱም እናቶች ቤት ውስጥ እያሉ የሁለቱንም በስልክ ቅረጹት። ስልኩ ከአፋቸው አንድ ክንድ ይራቅ፣ መስኮት ይዘጋ፣ ከነስማቸውና ከነቀኑ ይቀመጥ። ስፒከር ካስፈለገ በሹክሹክታ ስታወሪ የምትሰሚበት ልክ ላይ ይሁን፤ ከ20 ደቂቃ በላይም አይሂድ።

ትልቁ የጆሮ ማዳመጫ ከጀመረ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል ነው፤ ለአዋቂ 80። በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስልኩ ላይ የድምፅ ጣሪያ ማስቀመጫ አለ፣ ዝጊበት።

የጀማው

አሰላሙ አለይኩም። መንዙማውን ከሌላው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ማድረጉ ነው ቅሬታውን ያመጣው። መንዙማ በሚሰማበት ሰዓት ፍላሹ ላይ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ነገር መኖር የለበትም። በጣም የሚረዳው ለብቻው ሌላ ፍላሽ መያዝ ነው፤ ባለ 4 ጊጋ ይበቃል። መንዙማ ረጅም ስለሆነ በመሀል አይቆረጥም። መሪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባዩ ሳይመልስ ስታጠፊው ያለቀ ነገር አይደለም። ስለዚህ እማማ ከመውጣታቸው በፊት ስንት ደቂቃ እንዳላቸው አይተሽ በርዝመት ምረጪላቸው፤ የፋይሉ ስም ላይ ደቂቃውን ጻፊበት። በድቤ (በከበሮ) የሚባለውንና ያለ ድቤ የሚባለውንም ለዪ። ለጠዋት ያለ ድቤው ይመቻል።

ልጆቹም ጎን ተቀምጠው ግጥሙን ይስሙ። የወሎ ሸኾች በአማርኛ የገጠሙትን ብዙውን ጊዜ በዓረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር። ቃሉ ከበድ የሚላቸው የድሮ አማርኛና ዓረብኛ ስለተቀላቀለበት ነው፤ አያታቸው አንድ አንድ ስንኝ ቢፈቱላቸው ይገባቸዋል።

ለእናትሽም ያው ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዘፈን ከቤት ስለሚወጣ በገናና መዝሙር የያዘ ፍላሽ ቀድሞ ይዘጋጅ። የዓለሙ አጋ በገና ከላይ በተጠቀሰው ተከታታይ ቁጥር 11 ነው። ባለ ዐሥር አውታሩ በገና ሲደረደር የሚሰማው ንዝረት ከአውታሩ ሥር በሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች ሆን ተብሎ የሚመጣ ነው። ስፒከሩ የተቀደደ መስሏችሁ እንዳትከፍቱት፤ ለማረጋገጥ ዋሽንት አጫውቱበት፣ ዋሽንቱ ጥርት ካለ ስፒከሩ ደህና ነው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገናኙ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ ቤቱ በሙሉ ሁለቱን ፍላሾች ብቻ ይዞ ይከርማል።

የቧንቧ ውሃዋ

አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። መንዙማውን ለይቻለሁ፣ ድምፁንም በ89 አስተካክዬዋለሁ፣ ለውጡ ወዲያው ይሰማል። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ፎልደሮቹን 01 ጠዋት፣ 02 መቁላት፣ 03 ቡና እያልኩ ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ኮምፒውተሩ በትክክል ያሳያቸዋል፣ ስፒከሩ ግን ከ03 ይጀምርና ወደ 01 ይመለሳል። የአማርኛ ስም ያላቸውን ጥቂቶቹንም ዘሏቸዋል።

የቴፕ ሐኪም ዘኮምቦልቻ

እንዲህ ዓይነት ስፒከሮች ብዙዎቹ ስም አያነቡም፤ ወደ ፍላሹ በገቡበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውቱት። አንቺ 03ን ቀድመሽ ገልብጠሽ ይሆናል። ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ፣ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጊ (ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ከሆነ ብዙዎቹ ጭራሽ አያነቡትም)፣ ከዚያ 01ን ብቻ ገልብጪ፣ እስኪያልቅ ጠብቂ፣ 02ን አስከትዪ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም መርጠሽ ከጎተትሽ ኮምፒውተሩ በፈለገው ቅደም ተከተል ይልከዋል። ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ዘፈኖችም ከተዘበራረቁ በተመሳሳይ መንገድ አንድ በአንድ ይግቡ። በኋላ አንድ ዘፈን ብትጨምሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ መሀል እንዲገባ ከፈለግሽ ያን ፎልደርና ከእሱ በኋላ ያሉትን አጥፍተሽ እንደገና መገልበጥ ነው።

ስሙን በላቲን ፊደል አጠር አድርገሽ ጻፊው፤ የግዕዝ ፊደል የማያውቅ ማጫወቻ ወይ ባዶ ሳጥን ያሳያል ወይ ይዘለዋል። አማርኛውን ስም በደብተር ላይ ከቁጥሩ ጋር ጽፈሽ ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጪው፣ እናቶቹም ቁጥር ጠርተው ያዛሉ።