መኪናዬ የከረመ የእህል ጉድጓድ ትሸታለች፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፣ ከፍራንክፈርት

ሰላም ናችሁ የአገሬ ልጆች። ኑሮዬ ጀርመን ነው፤ ደሴ ወንድሜ ዘንድ ግን አንዲት አሮጌ መኪና አለችኝ። በዓመት አንድ ጊዜ ክረምት ላይ መጥቼ ወር ያህል እነዳታለሁ። በቀረው ጊዜ ወንድሜ አልፎ አልፎ ካልሆነ አያንቀሳቅሳትም፤ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ትከርማለች። ዘንድሮ እናቴን ለዘመድ ጥየቃ ወደ ባቲ ይዤ ስወርድ፣ ኮምቦልቻን አልፈን ሙቀቱ ሲበረታ ኤሲውን ከፈትኩት። የወጣውን ሽታ ለጠላቴም አልመኝም። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና «ልጄ፣ ይህች መኪናሽ የከረመ የእህል ጉድጓድ ትሸታለች» አለችኝ።

ሽታው ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ ይለዝባል፤ ኤሲውን አጥፍቼ እንደገና ስከፍተው ግን ያው ነው። ጋራዥ ወሰድኳት፤ «ጋዙ አልቋል» ተባለ፣ ተሞላ፣ ገንዘቡም ተከፈለ፤ ሽታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የመኪና ሽቶ ገዝቼ ሰቀልኩ። አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ጽጌረዳ የተቀበረበት ይመስላል። እኔ ተመልሻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከመምጣቴ በፊት ወንድሜ ምን ያሠራ? እኔስ ከዚህ ምን ይዤ ልምጣ?

ከኮምቦልቻ፣ የጅዳ ተመላሽ

እህቴ፣ አብሽሪ፤ መኪናሽ አልታመመችም፣ ረጥባ ነው። ጅዳ ለዓመታት የቤት ሾፌር ነበርኩ። ከተማዋ ቀይ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሯ በሌሊት እንኳ በላብ ያጠምቃል፤ የመኪና ኤሲ አይጠፋም። አሠሪዬ ደግሞ ሽታ ከሩቅ የምትለይ ሴት ስለነበረች ይህን ሙያ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ነው የተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ኢቫፖሬተር የሚሉት አለ፤ የራዲያተር ታናሽ ወንድም በይው፣ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተደረደሩበት። ኤሲው ሲሠራ ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። እርጥበት ያለው አየር ሲነካው፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው ሁሉ ውሃ ይቋጥራል። ውሃው ከሥሩ ወዳለው ሳህን ይንጠባጠብና በቀጭን ቱቦ መሬት ላይ ይፈስሳል። አንቺ ሞተሩን አጥፍተሽ ስትወርጂ ግን ቅጠሎቹ እንደረጠቡ ይቀራሉ። ጨለማ፣ እርጥበትና አቧራ አንድ ላይ ከተገኙ ሻጋታና ባክቴሪያ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ኤሲው ሲከፈት መጀመሪያ ፊትሽን የሚመታው የእነሱ ትንፋሽ ነው።

ጋዙን በተመለከተ ገንዘብሽ ያለ አገልግሎት ወጥቷል። የኤሲ ጋዝ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው፤ ከምትተነፍሺው አየር ጋር አይገናኝም፣ ካላፈሰሰ በስተቀርም አያልቅም። ጋዝ ሲጎድል ኤሲው ማቀዝቀዝ ያቅተዋል እንጂ የጉድጓድ ሽታ አያመጣም። አንቺ ደግሞ ቅዝቃዜ ጎደለ አላልሽም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ኤሲ ምን ያደርግላታል የሚል አለ። የሚያሳስተውም ይህ ነው። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው የፊት መስተዋት ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ የመስተዋቱን ማጥሪያ ትከፍቺያለሽ። በብዙ መኪኖች ይህ ቁልፍ ሲነካ አየሩን ለማድረቅ ኤሲውም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ሳታውቂው ኢቫፖሬተሩን አርጥበሽ፣ ከፒያሳ ሰፈር ድረስ አሥር ደቂቃ ነድተሽ አቆምሽው ማለት ነው። ለመድረቅ ጊዜ አላገኘም። ከዚያ ሸራ ለብሳ ዐሥራ አንድ ወር። የባቲ ሙቀት ሽታውን አልፈጠረውም፤ ያደረውን ነው ያወጣው።

የእኔ ልማድ ይህ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ዳገቱ ሲጀምር የኤሲውን ቁልፍ አጠፋለሁ፤ ማራገቢያውን ግን አልነካውም፣ አየሩም ከውጭ እንዲገባ አደርጋለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ስለሆነ ቅዝቃዜው ራሱ ይመጣል፤ ሞተሩም ይቀልለዋል። ደሴ ስገባ ውስጡ ደርቋል። በከተማ ውስጥም ቢሆን ከመድረስሽ አምስት ደቂቃ በፊት ኤሲውን አጥፍቶ ማራገቢያውን መተው ይበቃል። ከሁሉም ርካሹ መድኃኒት ይህ ነው፤ ነገር ግን ሻጋታው እንዳይመጣ ይከላከላል እንጂ የመጣውን አያጸዳም።

ከዋሽንግተን

እኔ ከእናቴ የተማርኩትን ልጨምር። መስኮት ዘግታችሁ ከሰል ላይ ዕጣን አጭሱበት፤ ሽታው ድራሹ ይጠፋል። ካልሆነ በውሃ የቀጠነ በረኪና ከፊት መስተዋቱ ሥር ባለው አየር ማስገቢያ መርጨት ነው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማድረቅም ይረዳል ይላሉ።

ከደሴ፣ መካኒክ

ወንድሜ፣ ዕጣኑን ለቡና እንተወው። ጭስ ወደ ማስገቢያው ከገባ እርጥቡ ቅጠል ላይ ይለጠፋል፤ ሲጋራ የሚጨስበት መኪና ኤሲው ለምን እንደሚከረፋ ይህ ነው። ፍም ይዞ ዝግ መኪና ውስጥ መቀመጥ ደግሞ የሽታ ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። በረኪናም አሉሚኒየምን ይበላል፤ ትነቱንም ሾፌሩ ይተነፍሰዋል።

የማሞቂያው ነገር ግማሹ እውነት ነው። የማሞቂያው ራዲያተር በአየሩ መንገድ ላይ ከኢቫፖሬተሩ በኋላ ነው የሚገኘው። አየር ከውጭ እየገባ ከሆነ ሙቀቱ ወደ እናንተ ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ቅጠሉን አያደርቅም። የውስጡን አየር መልሶ እንዲያዞር ካደረጋችሁት ግን የሞቀው አየር በኢቫፖሬተሩ በኩል ያልፋል። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ሜዳ ላይ፣ እናንተ ከመኪናው ወርዳችሁ ነው፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት አይታሰብም።

እህቴ፣ ወንድምሽ መጀመሪያ የካቢን ፊልተሩን፣ ማለትም ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን፣ ያውጣ። በብዙ መኪና ላይ ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው ክዳን ያለው መሳቢያ ኋላ ነው፤ መሳቢያው ሲወርድ ይታያል። አንዳንድ አሮጌ መኪና ቦታው እያለው ፊልተሩ ጭራሽ አልገባበትም፤ ያ ከሆነ አቧራው ሁሉ በቀጥታ ኢቫፖሬተሩ ላይ ነው ያረፈው። ፊልተር ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል፤ በእኛ አቧራ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ቀይሩት ነው የምለው። የሻገተውን በአየር አስነፍቶ መመለስ የቆሸሸ ነጠላ አራግፎ መልበስ ነው።

ቀጥሎ የውሃ መውጫዋን ቱቦ ይፈትሽ። በጭቃ ወይም በቅጠል ከተዘጋች ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ በተሳፋሪው በኩል ያለውን ምንጣፍ በእጁ ይጫነው፣ ከረጠበ ምስጢሩ ተገኘ። ምንጣፉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ የቀረው ድካም ከንቱ ነው። የፊት መስተዋቱ ሥር የተጠራቀመው የባሕር ዛፍ ቅጠልም ይጠረግ።

ከዚያ በኋላ ነው የኢቫፖሬተር ማጽጃ አረፋ የሚገባው፤ በውሃ መውጫው ቱቦ ወይም ፊልተሩ በወጣበት በኩል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ ይቆይ፤ ጥቁር ውሃ ሲወርድ ያያል። የማራገቢያው ሞተርና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎች ላይ እንዳይረጭ ይጠንቀቅ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልለቀቀ ዳሽቦርድ ማውረድ ይመጣል፤ እሱ ብዙ ሥራና ብዙ ገንዘብ ስለሆነ የመጨረሻው መጨረሻ ነው፤ በሁለት ቀን ሥራ አሳምረው የሚመልሱትም ጥቂት ናቸው።

ከፍራንክፈርት ይዘሽ የምትመጪው ፊልተሩን ነው፤ ሁለትም ቢሆን አይከብድሽም። አረፋውን ተይው፤ በግፊት የታሸገ ቆርቆሮ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ኤርፖርት ላይ ሊቀር ይችላል።

ከኮምቦልቻ፣ የጅዳ ተመላሽ

አንድ የረሳሁት። ሽታ ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ጣፋጭ፣ ሽሮፕ የሚመስል ሽታ ከመጣና መስተዋቱ ቅባት በመሰለ ጉም ከተሸፈነ የማሞቂያው ራዲያተር አንቲፍሪዝ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እያፈሰሰ ነው። ቤንዚን ወይም የጭስ ማውጫ ጭስ ከሸተተ መስኮት ከፍታችሁ ቁሙና መካኒክ ጥሩ፤ ነገ አሳየዋለሁ የሚባልበት አይደለም። የተቃጠለ ገመድ ከሸተተም እንዲሁ።

ሐረጎን ቁልቁል ስትወርጂ የሚሸተው የተቃጠለ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ሸራ ነው። ከፊትሽ ያለው የጭነት መኪና ከሆነ አየሩን ወደ ውስጥ መልሰሽ አዙሪና ራቅ በይለት። የራስሽ ከሆነ ፍሬኑን ያለማቋረጥ መርገጡን ተይውና በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ። አንድ እንግዳዬ ከአሜሪካ መጥቶ ኤሲው ተቃጠለ ብሎ ሲጮህብኝ፣ እግሩ ከፍሬኑ ላይ ከደሴ ጀምሮ አልተነሣም ነበር።

ጠያቂዋ፣ ከፍራንክፈርት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወንድሜ ቅዳሜ መሳቢያውን አወረደው። ፊልተር ነበረው፤ ፊልተሩ ላይ ግን ጭድ፣ የተቦጫጨቀ ጨርቅና አንድ እፍኝ የበቆሎ ፍሬ ተከምሮበታል። አይጥ ቤት ሠርታ ኖራለች። እናቴ በቆሎውን አይታ ከጓዳዋ የጎደለው መሆኑን ለየችው።

ከደሴ፣ መካኒክ

ፊልተሩንና ጎጆውን በባዶ እጅ እንዳይነካው ንገሪው። ጓንት ያድርግ፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ በደረቁም አይጥረገው፤ በውሃ በቀጠነ በረኪና አርሶ፣ ቆየት ብሎ በጨርቅ ያንሣው። እዚህ ላይ በረኪና ይፈቀዳል፤ ኢቫፖሬተሩ ላይ እንዳይደርስ ብቻ። አዲሱን ፊልተር ከመግዛትሽ በፊት የአሮጌውን ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ለክቶ ይላክልሽ፤ የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም። ጠርዙ ላይ ያለችው ቀስት አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው የምታሳየው።

ጠያቂዋ፣ ከፍራንክፈርት

ልኬቱ ደርሶኛል፤ ፊልተሩንም እዚሁ ገዝቻለሁ። ቱቦዋ በጭቃ ተደፍና ነበር፣ ተከፈተች። ምንጣፉም ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ። አረፋውን ወንድሜ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ አስገባ።

ሰኞ ዕለት እናቴን ይዞ ለባቲ ገበያ ወረደ። መኪናዋን እንዳቆመ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ መኪናህ እያፈሰሰ ነው!» ብሎ ሲጮህ ወንድሜ ደንግጦ እኔን ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ዘይት ነው ወይስ ውሃ ብዬ ጠየቅኩት። በጣቱ ነክቶ «ንጹሕ ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ» አለኝ። እንኳን ፈሰሰ አልኩት፤ ዓመቱን ሙሉ ምንጣፉ ሲጠጣው የኖረው ውሃ ነው።