አላይነር ለምታስቡ፦ ከዋጋው በፊት ክትትሉን ጠይቁ (ጥቆማ ከመሀል አዲስ አበባ)

ሰሞኑን አራት ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጥርስሽን የት ነው ያስተካከልሽው? ስንት ፈጀብሽ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው። አላይነር ማለት ጥርስ ላይ የሚገባ፣ ጥርስን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው የሚገፋ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ በተከታታይ ቁጥር ተሠርቶ በየጊዜው በቀጣዩ ይቀየራል።

34 ዓመቴ ነው። የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ነው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው ነበር። ከላይ በግራ ያለው ክራንቻዬ ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ ነበር የበቀለው። ልጅ ሆኜ ሽቦ የማሰር ዕድል አላገኘሁም። ካደግኩ በኋላ ደግሞ «አሁንማ አልፎብኛል» ብዬ ተውኩት። አላለፈም። ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ የአዋቂ ሰው ጥርስም ይንቀሳቀሳል። ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይታከም። ይህን ሳያይ «እንጀምር» የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ከመጀመሬ በፊት ካዛንቺስ፣ ቦሌ መንገድና ፒያሳ ያሉ ሦስት ክሊኒኮችን ጠይቄያለሁ። የአክስቴ ልጅና አንድ የሥራ ባልደረባዬም በሌላ መንገድ እያሠሩ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁ የሦስታችንን ነው።

መሀል ከተማ ያለው ምርጫ በደምሳሳው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥርሳችሁ እዚህ ስካን ተደርጎ ወይም በሊጥ ልኩ ተወስዶ አላይነሩ ውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣበት ነው። ኢንቪዛላይን የዚህ ዓይነቱ ታዋቂው ነው። ድርጅቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ስሙ በጣም ከመለመዱ የተነሣ ሰው ማንኛውንም ግልጽ አላይነር «ኢንቪዛላይን» ይለዋል። ስለዚህ ክሊኒኩ ይህን ስም ሲጠራ የምር እሱ መሆኑን ጠይቁ። ሁለተኛው ክሊኒኩ ራሱ በስሪዲ ፕሪንተር የጥርሳችሁን ሞዴል አትሞ፣ ፕላስቲኩን በላዩ ላይ በሙቀት ስቦ እዚሁ የሚሠራው ነው። ሦስተኛው የምናውቀው ብሬስ፣ ጥርስ ላይ የሚታሰረው ሽቦ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን፣ ባልደረባዬ ብሬስ።

የውጩ ጥሩ ጎኑ ፕላስቲኩ ነው። ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ድድ አይቧጭርም። መጥፎ ጎኑ ጥበቃው ነው። መሀል ላይ የሆነ ነገር ከተበላሸ አዲስ ተሠርቶ እስኪመጣ ሳምንታት ትቆያላችሁ። እዚህ የሚሠራው በዋጋ ይቀንሳል፤ ቢያንስ እኔ በጠየቅኳቸው ቦታዎች እንደዚያ ነው። የአክስቴ ልጅ አንዱ ሲሰነጠቅባት በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰጥተዋታል። ጠርዙ ግን ሁለት ጊዜ ምላሷን ልጦባት ዶክተሩ በሞረድ አስተካክሎላታል። ስለዚህ እዚህ የሚሠሩትን ስትጠይቁ «እስኪ ናሙና አሳዩኝ» በሉና ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት።

ብሬስን አትናቁት። ጥርሱ በጣም ከዞረ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ካለበት ብሬስ በብዙ መልኩ ይሻላል። አላይነር ክብ ጥርስን ማዞር ይከብደዋል፤ ክራንቻና ከሱ ቀጥሎ ያሉት ጥርሶች ክብ ስለሆኑ ፕላስቲኩ ይንሸራተትባቸዋል። ባልደረባዬ እንደኔ ዓይነት ክራንቻ ነበረው። ከኔ አራት ወር ቀድሞ ጨረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ የሚያወዳድረው ዋጋና የአላይነር ብዛት ነው። እኔ ተሳስቼ የተማርኩት ሌላ ነው። የምትከፍሉት ለፕላስቲኩ ብቻ አይደለም። ጥርሱ በእቅዱ መሠረት እየሄደ መሆኑን እያየ ለሚከታተላችሁ ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «አላይነሩ ሳይገጥም ቢቀር ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለው ነው።

እኔ ይህን አልጠየቅኩም። የጀመርኩበት ክሊኒክ፣ ስሙን አልጠራም፣ አምስት አምስት አላይነር በፖስታ አድርጎ ይሰጠኝ ነበር። «በየአሥር ቀኑ ቀይሪ» ነው ያሉኝ። ስሄድ አፌን ለሁለት ደቂቃ አይተው «ጎበዝ» ይሉኛል። እኔም በመስታወት አያለሁ፤ የታችኞቹ እየተስተካከሉ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ዘጠነኛው አላይነር ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት መስኮት አጠገብ ሆኜ ስልኬን ወደ ግራ ጉንጬ አስጠግቼ ፎቶ አነሣሁ። ሳሰፋው በክራንቻዬ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ቀጭን ጨረቃ የመሰለ ክፍት ቦታ አለ። ውስጡ የምራቅ አረፋ ይታያል። የቀኙን አነሣሁ፤ ልክክ ብሎ ተቀምጧል። ክራንቻው የቀረው ከብዙ ሳምንት በፊት ነበር ማለት ነው። ሌሎቹ ጥርሶች ሄደዋል፤ እሱ ቆሟል። እኔ ደግሞ በየአሥር ቀኑ አዲስ እየቀየርኩ ርቀቱን አስፍቼዋለሁ።

ያን ቀን አለቀስኩ። ገንዘቡም ጊዜውም ትዝ አለኝ። በኋላ ፎቶዎቼን ይዤ ሌላ ዶክተር ጋ ሄድኩ። እንደገና ስካን ተደርጌ ተጨማሪ አላይነሮች ታዘዙልኝ። ሪፋይንመንት ይሉታል። አምስት ወር ጨመረብኝ።

መስታወት ለምን እንደማይበቃ ልንገራችሁ። አንድ አላይነር አንድን ጥርስ የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር፣ 0.25 ያህል ነው። ይህን በዓይን መለየት ከባድ ነው። አራት አላይነር ሲያልፍ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያኔ ፎቶ ላይ ይታያል። ስለዚህ በየቀኑ እያነሣችሁ አትጨነቁ። አላይነር በቀየራችሁ ቁጥር አንድ ጊዜ አንሡ፤ ስታወዳድሩ ግን የዛሬውን ከአራት በፊት ከነበረው ጋር አወዳድሩ።

እኔ የማነሣው ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ወጥ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ነው። ፍላሽ አልጠቀምም፤ ፕላስቲኩ ላይ ያንጸባርቃል። በሁለት የሻይ ማንኪያ እጀታ ከንፈሬን ወደ ጎን እስባለሁ፣ እህቴ ታነሣልኛለች። ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ ነክሼ፤ ከዚያ አፌን ከፍቼ የላይና የታች። አምስቱን መጀመሪያ ያለ አላይነር፣ ቀጥሎ አላይነሩን አድርጌ። የሁለተኛው ዙር ነው ዋናው። ክፍተት ካለ የሚያሳየው እሱ ነው።

አዲስ አላይነር ባደረጋችሁ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ትንሽ ክፍተት ቢኖር አትደንግጡ። መቀየሪያው ቀን ደርሶ አሁንም ካለ ግን አትቀይሩ። ለዶክተራችሁ ፎቶውን ላኩና ያለውን ጥቂት ቀን አቆዩት። አላይነሩን አድርጋችሁ በላይና በታች ጥርሶቻችሁ መካከል የምትነክሷት፣ ፕላስቲኩን ወደ ቦታው የምታስገባ ቹዊ የምትባል ለስላሳ ጥቅልል አለች፤ በቀን ሁለት ሦስቴ አምስት አምስት ደቂቃ ንከሷት። ከክሊኒኩ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። ለእኔ ከገዛሁት ሁሉ ትንሿና የጠቀመችኝ እሷ ናት።

አፕ ለምትጠይቁኝ፦ ትሬይማይንደር የሚባለውን ተጠቅሜያለሁ። ስታወልቁ ሰዓት ይጀምራል፣ ስታደርጉ ያቆማል። ሥራውን ይሠራል። ዴንታል ሞኒተሪንግ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት አገልግሎት ደግሞ አለ፤ በስልክ የተነሣውን ፎቶ ዶክተሩ ከሩቅ ያየዋል። እሱ ግን ክሊኒኩ ከገባበት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለብቻችሁ አውርዳችሁ ምንም አታደርጉበትም። እውነቱን ለመናገር በቴሌግራም ፎቶ ተቀብሎ በማግስቱ የሚመልስ ዶክተር ለእኔ ከየትኛውም አፕ በልጦብኛል። የአሁኑ ዶክተሬ እንደዚያ ነው።

ሰዓቱን ካነሣን፣ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ለምግብ፣ ለቡናና ለመቦረሽ የሚቀረው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው። እኛ አገር ቡና ብቻውን ይጨርሰዋል። እኔ አቦልን ጠጥቼ አፌን በውኃ ተጉመጥሙጬ መልሼ አደርገዋለሁ። ለቶናና ለበረካ ስኒ አላነሣም፤ ጨዋታው ግን አይቀርብኝም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ሲገባቸው ራሳቸው «አሁን መልሺው» ይሉኛል። አድርጋችሁት ቡና አትጠጡ፤ ሙቀቱ ቅርጹን ያበላሸዋል፣ ቀለሙም ይይዘዋል። ከሁሉም የባሰ የሚያቀልመው እርድ ነው። አልጫ በልታችሁ ሳትቦርሹ ካደረጋችሁት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ጾም ለዚህ ይመቻል፤ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ሰዓቱ በራሱ ይሞላላችኋል። ረመዳን የምትጾም ጓደኛዬም ያንኑ ነው ያለችኝ።

የአላይነሩን መያዣ ሳጥን ሁለት አድርጓት፤ አንዷ ቦርሳ ውስጥ ትኑር። እኔ አንድ እሑድ በሶፍት ጠቅልዬ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ቄጤማውን ስትሰበስብ አብሮ ሄደ። ቀጣዩን ለማድረግ ስድስት ቀን ይቀረኝ ነበር። ስለዚህ ያለፈውን አላይነር አትጣሉ፤ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሁለት አስቀምጡ። ዶክተሩ አዲሱ እስኪመጣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እሱን እንድታደርጉ ሊነግራችሁ ይችላል።

ለማጽጃ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፤ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይቀመጣል። ፋርማሲ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸጡትን የምትፈላ ኪኒን በሳምንት አንዴ እጠቀማለሁ፤ በደንብ ማለቅለቅ ግድ ነው።

ሁለት ነገር ለእኛ አገር ሰው በተለይ።

ፍንጭት ካላችሁና የምትወዱት ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ተናገሩ። በኮምፒውተር የሚሠራው እቅድ ክፍተትን እንደ ችግር አይቶ ሊዘጋው ይችላል። የእናቴ ፍንጭት አለኝ። የመጀመሪያው እቅድ ላይ ተዘግቶ ሳየው ደነገጥኩ። «ይሄ ይቀመጥልኝ» አልኩ፤ ተስተካከለ። እቅዱን በቪዲዮ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ሳታዩት አትቀበሉ።

ሁለተኛው ስምጥ ሸለቆ ላደጋችሁ ነው። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ጠጥቶ የቡኒ ነጠብጣብ ያለው ጥርስ ላይ አታችመንት ቶሎ ይወድቃል። አታችመንት ማለት አላይነሩ እንዲይዝ ጥርሱ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ጉብታ ናት። እንዲህ ያለው ገለፈት ማጣበቂያውን በደንብ አይዝም። የአክስቴ ልጅ አዳማ ነው ያደገችው፤ አራት ጊዜ ወድቆባታል። ስትወድቅ ዝም ካላችሁ ያ ጥርስ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ መልሶ መለጠፉ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ።

ውሉን በጽሑፍ ያዙ። ከሐምሌ 22፣ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሆኗል። ከዚያ በፊት በዶላር ተስማምታ የጀመረች የማውቃት ሴት ሁለተኛው ክፍያ ሲደርስ ባላሰበችው መጠን ጨመረባት። ዋጋው በብር ይሁን፤ ተጨማሪ አላይነር ካስፈለገ ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት።

ያለ ዶክተር በመልእክት የሚሸጡትን ተዉ። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ድርጅት እንኳ በዲሴምበር 2023 ሥራ ሲያቆም ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። በቴሌግራም የሚሸጠው፣ ለሁሉም ሰው አንድ ልክ የሆነው ሲሊኮንማ ጥርስን አይቶ የተሠራ አይደለም።

ቦታ ስትመርጡ ከሥራ በእግር ወይም በባቡር የምትደርሱበትን አስቀድሙ። ቦሌ ያለው ክሊኒክ ያምራል፤ ግን በ11 ሰዓት ከስታዲየም ተነሥታችሁ ሞክሩት። ቀጠሮ የሚቀረው እንደዚህ ነው፤ ቀጠሮ ሲቀር ደግሞ ክራንቻው ይቀራል።

ስትጨርሱ የመጨረሻውን ስካን ፋይል፣ ኤስቲኤል ይሉታል፣ በፍላሽ ተቀበሉ። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ስለሚወድ ሪቴይነር፣ ማለትም የተስተካከለውን ጥርስ ባለበት የሚይዝ ፕላስቲክ፣ ማታ ማታ ለብዙ ዓመት ታደርጋላችሁ፤ ይሰበራል፣ ይጠፋልም። እኔ ፋይሉን እዚሁ ለሚያትም ክሊኒክ ሰጥቼ ሁለት ጥንድ አሠራሁ። በአራተኛው ቀን ደረሰልኝ። አንዱ ከአልጋዬ ራስጌ ነው፣ ሌላው እናቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ።