የባቦጋያ ዳርቻ ቤቶች ማኅበር፦ የጋራ ፍሳሽ ማስነሻ ዕቅድ ረቂቅ

ቤት 14
ባለፈው የተነጋገርነውን በጽሑፍ አስቀምጫለሁ። የ24ቱም ቤቶች የፍሳሽ ጉድጓድ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይመርመር። የፍሳሽ ቦቴ በዓመት ሁለት ጊዜ በጋራ እንከራይ፤ ከየቤቱ 4 ሺህ ብር። ከሐይቁ ዳር እስከ 10 ሜትር ማዳበሪያ አይነካ፤ አፈር የሚይዘው ቬቲቨር ሣር ይተከልበት። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የፈነቀለው ጎድጓዳ ነው፤ ወንዝ አይወጣበትም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከክረምቱ በኋላ ከቤት 11 በታች የሰፈፈውን አረንጓዴ ነገር በእንጨት ብነካው እንደ ዘይት ቀለም ተለጠፈ።

ቤት 6
ቬቲቨሩን ለእኔ ተዉት። ችግኝ አመጣለሁ።

ቤት 9
ቦቴው በየት በኩል ነው የሚገባው?

ቤት 14
በታችኛው በር። የላይኛው መታጠፊያ ይጠበዋል።

ቤት 9
እንግዲያው አልስማማም። የታችኛውን መንገድ ኮብልስቶን ያስነጠፍኩት በገዛ ገንዘቤ ነው። አዋጡ ስል ማን አዋጣ? የሞላ ቦቴ ቢመላለስበት ድንጋዩ ይሰምጣል።

ቤት 3
መንገዱ የማኅበሩ ነው። በደንባችን የግል መንገድ የሚባል ነገር የለም።

ቤት 9
ጋሼ፣ ደንቡ ሲረቀቅ መንገዱ ጭቃ ነበር። መኪናዎ ሁለት ጊዜ ሲቀረቀር ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ቤት 3
ለዚያ አመስግኜሃለሁ። መንገዱን ግን አልሸጥንልህም።

ቤት 17
ቤት 9 ሲሠራ አሸዋና ሲሚንቶ የጫነው መኪና በዚያው በር አልነበረም የሚገባው?

ቤት 9
ያን ጊዜ ድንጋዩ አልተነጠፈም! ያልከፈለ ሰው ስለ ድንጋይ አያስተምረኝ።

ቤት 17
አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ስለ ድንጋይ ሳይሆን ስለዚያ እናውራ።

ቤት 11
በእኔ ላይ ማላከኩ ይቁም። ከእኔ በላይ ሦስት ቤቶች አሉ። የማን ጉድጓድ እንደሚያሰርግ ማን አየ?

ቤት 14
ይመርመር ያልኩት ለዚሁ ነው። አፈራችን ውሃ አይይዝም፤ ከላይ የፈሰሰው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። የእኔ ጉድጓድ ክዳን ተሰንጥቆ ቆርቆሮ ጥዬበት ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ከእኔ ይጀመር።

ቤት 3
ልጄ ልክ ናት። በብርድ ወራት የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ ኦክስጅን ያጣው የሥሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣው የሚሞተው ያኔ ነው። ቆሻሻ በጨመርንበት ቁጥር የሥሩ ውሃ ይብሳል። የሞተ ቆሮሶ በአካፋ ስሰበስብ አይታችሁኛል።

ቤት 9
ጋሼ፣ ቃሌ ከፍ ብሎ ከሆነ ይቅርታ። ሐይቁን አልጠላሁም፤ በዚያ ውሃ ልጆቼን ዋና ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የመንገዱ ጎማ መሄጃ በኮንክሪት ይጠናከርና ቦቴው ይግባ።

ቤት 21 (ገንዘብ ያዥ)
ይህ ያስማማል። ግን የሰበሰብነው ለሁለቱም አይበቃም። ዘንድሮ መንገዱ ይቅደም።

ቤት 20
ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። ኮንክሪት ከተሞላ አይቀር በሩም ይስፋ። ለጥበቃው ማደሪያ ይሠራለት፤ ዝናብ ሲያርፍበት ነው ያየሁት። 500 ዶላር እጨምራለሁ።

ቤት 11
ለበሩ እኔም አለሁበት።

ቤት 17
የበሩን ብረት የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። ዋጋ አስልቼ እመጣለሁ።

ቤት 14
ቤት 6፣ ችግኙ የት ደረሰ? ሦስተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።

ቤት 21 (ገንዘብ ያዥ)
የተሻሻለው ረቂቅ፦ 1. የታችኛው መንገድ ኮንክሪት። 2. በር ማስፋት። 3. የጥበቃ ማደሪያ። 4. የጉድጓድ ምርመራ፣ ገንዘብ ከተረፈ። የምትስማሙ የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ።

ቤት 9
ቤት 9።

ቤት 11
ቤት 11።

ቤት 20
ቤት 20።

ቤት 14
አራተኛው አንደኛ ካልሆነ አልፈርምም። በዚህ ወረቀት ላይ ሐይቅ የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተጻፈም። ለጥበቃው ማደሪያ ይገባዋል፤ ለብቻው አዋጡለት፣ እኔም አዋጣለሁ። ቅዳሜ የእኔን ጉድጓድ አስከፍታለሁ። ቦቴው ላይኛው መንገድ ላይ ቆሞ ረጅም ቱቦ ይዘረጋል፤ የማንንም ድንጋይ አይረግጥም።

ቤት 3
ቱቦው ከደረሰ የእኔንም ያንሱልኝ። ግማሹን እከፍላለሁ።

ቤት 17
የበሩ ስፋት 4 ሜትር ይሁን 5?