የጌም ዊኪያችን ላይ ስምና ዓመት እንዴት እንጻፍ?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ልጆች። ስለ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የአማርኛ ዊኪ (ሁላችንም የምንጽፍበትና የምናርመው ድረ ገጽ) ጀምረናል። አራት ነን፣ ጌሙን የለመድነው እዚሁ ሰፈር ፕሌስቴሽን ቤት ነው። ችግሩ ሁሉም እንደመሰለው ይጽፋል። የጌሙን ከተማ አንዱ «ሎስ ሳንቶስ» ሲል ሌላው «ሎስሳንቶስ» ይላል፤ አንዱ ጌሙ የወጣው በ2004 ነው ብሎ ሲጽፍ ሌላው መጥቶ 1997 ብሎ አረመው። ትናንት መብራት እስኪጠፋ ሳስተካክል አመሸሁ። ምን ሕግ እናውጣ?

መልስ፣ ከኮዬ ፈጬ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ! ለፕሌስቴሽን 2 የወጣው በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ነው፣ በኛ ጥቅምት 1997 ዓ.ም.። ቁጥሩን ብቻውን አትተዉት፣ አለበለዚያ ሲተራረም ይኖራል።

መልስ፣ ከለገጣፎ፦
ለስም አንድ አጻጻፍ ምረጡና ሌላውን ወደዚያው ገጽ አዙሩት። ሰው «ሄሊኮፕተር» ብሎም «ሔሊኮፕተር» ብሎም ይፈልጋል፣ ባዶ ገጽ ካገኘ አይመለስም። ደግሞ በአራት ነጥብ (።) ፋንታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) ሁለቴ አትምቱ። ዊኪው የሚሠራበት ሶፍትዌር ሚዲያዊኪ ከሆነ መስመር መጀመሪያ ላይ ሲገባ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ እኔ አንድ ሙሉ ገጽ ተበላሽቶብኛል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ዛሬ ማታ ከዓመቶቹ እጀምራለሁ።