«የአጥንቴ ፍላጭ» ስንል ፍላጭ ምንድን ነው?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከጥንት ሰፈር ተቆፍሮ ስለሚወጣ የእንስሳት አጥንት አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «የአጥንት ቁርጥራጭ» እያልኩ መጻፍ ሰለቸኝ። ቁርጥራጭ የጨርቅም የወረቀትም ነው። ሌላ ቃል የለንም?

እማማ ቋንቋ፦ አለን እንጂ ልጄ! ዘመዳችንን «የአጥንቴ ፍላጭ፣ የሥጋዬ ቁራጭ» እንል የለ? ሥጋ ይቆረጣል፣ አጥንት ይፈለጣል። አባባሉ ራሱ ለይቶ አስቀምጦልሃል።

ባለ ካራ፦ ቆይ፣ አትቸኩሉ። ፍላጭ ፈላጭ ይፈልጋል። ዛፍ በንፋስ ቢገነጠል ስባሪ እንጂ ፍላጭ አንለውም። የአጥንት አጥኚዎችም ጭቅጭቃቸው እዚሁ ላይ ነው፤ ማን ሰበረው? እርጥብ አጥንት ሲመታ ስብራቱ ይጠመዘዛል፣ ፊቱም ለስላሳ ነው። ከርሞ የደረቀው ቀጥ ብሎ ይሰበራል፣ ፊቱም ይሻክራል። ግን ጅብም እርጥብ አጥንት ይሰብራል! ስለዚህ የጥርስ ምልክት ነው ወይስ ድንጋይ ያረፈበት ቦታ ብለው ይፈልጋሉ። በአፋር፣ ዲኪካ በሚባለው ቦታ የተገኙትን ሁለት የእንስሳት አጥንቶች አስታውሱ። 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው፤ ወሬው የተሰማው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ወገን በላያቸው ያለው ጭረት የድንጋይ ስለት የተወው ነው ይላል። ሌላው እንስሳት ረግጠውት ነው ይላል፤ አዞ ነው ያለም አለ። እኔ ብሆን ሰባሪው ያልታወቀውን «ስባሪ»፣ ሰው ለመቅኔው ብሎ የሰበረውን ብቻ «ፍላጭ» እለው ነበር።

ቃል ፈላጊ፦ ይሄማ ግሩም ነው። መቅኔ ልበል ወይስ ቅልጥም?

እማማ ቋንቋ፦ መቅኔ ውስጡ ያለው ነው፣ ቅልጥም ደግሞ አጥንቱ። ማዕድ ላይ ግን «ቅልጥም መጠጥኩ» የማይል የለም። ለጽሑፍህ መቅኔ ይሻላል።

ቃል ፈላጊ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አጥንቶቹን አንድ በአንድ የሚቆጥሩበትን ሥራ «አጥንት ቆጠራ» ብለውስ?

ባለ ካራ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! አጥንት መቁጠር እኮ በዘር መኩራራት ነው። በባሌ ተራሮች፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የዋሻ ጥላ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ከተገኘው አጥንት አብዛኛው የእሱ ነው። አንተ «የፍልፈሎቹ አጥንት ተቆጠረ» ብለህ ብትጽፍ፣ አንባቢ ፍልፈሎቹ የባላባት ልጆች ይመስሉታል።

እማማ ቋንቋ፦ ሆዴን አፈረስከው! «የአጥንቶቹ ብዛት» በልና እለፈው ልጄ።