ጂኦካሽ ፓርክ ውስጥ መደበቅ እንፈልጋለን፤ ነውሩ ምንድን ነው?

ሜሪ_የልጆች እናት
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጆቼ ጂኦካሺንግ አስለምደውኛል፤ በስልክ ጂፒኤስ እየተመራን ሰው የደበቀውን ዕቃ ፈልገን፣ ደብተሩ ላይ ፈርመን፣ እዚያው እንመልሳለን። አሁን ደግሞ «እኛም እንደብቅ» ብለው ይዘውኛል። ያሰብነው ሮክ ክሪክ ዳር፣ ከእግር መንገዱ ገባ ብሎ ያለ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ትንሽ ቆፍረን የቡና ጣሳ ብናስቀምጥና ውስጡ ከረሜላ ብናደርግስ?

መንገደኛው
እህቴ፣ ልጆቹን ጎሽ በይልኝ። ቁፋሮውንና ከረሜላውን ግን እርሺው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2000 ኦሪገን ውስጥ ሲጀመር የመጀመሪያው ባልዲ ከፊሉ ተቀብሮ ነበር፤ ውስጡም የባቄላ ቆርቆሮ ነበረበት! ዛሬ ሁለቱም ክልክል ናቸው። ምግብ ከገባበት ከልጆች ቀድሞ የሚደርሰው ራኩን የሚባለው አውሬ ነው።

ደግሞ የትኛው ሮክ ክሪክ? ወንዙ አንድ ቢሆንም ባለቤቱ ይለያያል። ዲሲ ውስጥ ያለው የፌዴራሉ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው ዕቃ ትቶ መሄድ አይቻልም። ወደ እናንተ ሲሻገር የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፓርኮች ይሆናል። መጀመሪያ እነሱን ጠይቂ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ያ «ገባ ብሎ» ያልሽው ነው። ዛፍ በበዛበት ስልክ ብዙ ሜትር ይስታል። ፈላጊው ታዲያ ይዞራል፣ ድንጋይ ይገለብጣል፣ ቅርፊት ይልጣል። የማውቀው አንድ ተዳፋት አለ፤ ፈርን የሚባለው ተክል የሞላበት ነበር። እዚያ የተደበቀው ዕቃ፣ ካሹ ማለቴ ነው፣ ለተጫዋቾች ይፋ ከወጣ በኋላ ሰመሩ ሳያልቅ ከዋናው መንገድ እስከ ዛፉ ቀጭን መንገድ ወጣበት። ዝናብ ሲመጣ እሱም ቦይ ሆነ። ሳላማንደር የሚባለው እንሽላሊት መሳይ እንስሳ የሚደበቅባቸው ድንጋዮች ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቀሩ። ካሹ ራሱ እኮ ዛፉ ሥር አልነበረም፤ ወዲህ፣ መንገዱ ዳር የወደቀ ግንድ ውስጥ ነበር! የሰዉ ሁሉ ድካም ደባቂው ለፈላጊ የጻፈው ፍንጭ ስለማይረባ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ ሳይወርዱ እጅ የሚደርስበት ቦታ ምረጪ፤ ፍንጭ ላይም አትሰስቺ።

ጣና_ቨርጂኒያ
መንገደኛው ልክ ነው። ጣሳውም ይቅርብሽ፤ ይዝጋል፣ የቡና ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ክዳኑ ጎማ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ ፕላስቲክ ይሻላል። ዛፍ ላይ ሚስማር መምታት አይፈቀድም። የግንድ ቀዳዳም ባዶ ቢመስል የወፍ ወይም የሽኮኮ ቤት ሊሆን ይችላል።

ሜሪ_የልጆች እናት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ድልድዩ ሥርስ? እዚያ የሚረገጥ ሣር የለም።

መንገደኛው
ሣር ባይኖር ሰው አለ። ድልድይ ሥር የሚጎነበስ ሰው ያየ ፖሊስ ይጠራል። እንግሊዝ ዌዘርቢ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ካፌ አጠገብ የተደበቀች ትንሽ ዕቃ ፈንጂ ነች ተብላ የጦሩ ባለሙያዎች አፈንድተዋታል። ዕቃው ላይ «ጂኦካሽ» ብለሽ በጉልህ ጻፊ፤ ከድልድዩም ራቂ።

ጣና_ቨርጂኒያ
ረጅም ሣርም ውስጥ አታድርጉት፣ መዥገር አለ። በዚህ አካባቢ «ላይም» የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

ሜሪ_የልጆች እናት
እሺ፣ ለፓርኩ ኢሜይል ልኬያለሁ። ልጄ መልስ ሳይመጣ ዕቃውን ቀለም ቀብቶ ጨርሷል።

መንገደኛው
ቀለሙ በደንብ ይድረቅ። እስከዚያ ካርታውን እዪ፤ በ161 ሜትር ውስጥ ሌላ ካሽ ካለ ሪቪወሩ፣ ማለትም አዲስ ካሽ አይቶ የሚያጸድቀው ሰው፣ አያሳልፍልሽም። ፈቃዱንም ማን እንደሰጠሽ ማመልከቻው ላይ ጻፊለት። አንድ ነገር ደግሞ፦ ደብተሩ ሲረጥብ የምትቀይሪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ የልጅ ጋሪ እየገፋሽም ቢሆን የምትደርሺበት ቦታ ይሁን።